ከአንድ ዓረፍተ ነገር የወጡ አሥራ ስድስት ቃላት እንዲመለሱ ስለ መጠየቅ

ለተከበሩ የዕፅዋት ነዳጅ ልማት ጽሕፈት ቤት ዋና ኃላፊ
ሦስተኛ ፎቅ፣ ምንጣፍ የተነጠፈበት በር

ክቡር ሆይ፤

ከሁሉ አስቀድሜ እርስዎ፣ ባለቤትዎና ልጆችዎ እንደምን ሰነበታችሁ እላለሁ፤ እንዲሁም ባለፈው ወር የመጀመሪያውን የጉሎ ዘይት ቅልቅል ቀምሶ ከግቢው በር ላይ ሦስት ጊዜ አስሎ የቆመው የመኪናዎ ሞተር ሙሉ ጤናው ተመልሶለት እንደሆነ በታላቅ አክብሮት እጠይቃለሁ። እኔ፣ የጠየቀኝ ሰው ባይኖርም፣ ደኅና ነኝ።

ምናልባት አያስታውሱኝ ይሆናል። በምድር ቤቱ ውስጥ፣ ከወረቀት ማባዣው ክፍል ቀጥሎ፣ መስኮቱ የአላፊ አግዳሚውን ጫማ ብቻ በሚያሳየው ክፍል ተቀምጬ የጽሕፈት ቤትዎን ጽሑፎች የማርም አርታዒ ነኝ። ባልደረቦቼ «መቀስ» ይሉኛል። ስሙን ያወጡልኝ ሊሰድቡኝ ቢሆንም እኔ ግን ዘጠኝ ዓመት ሙሉ እንደ ማዕረግ ለብሼው ኖሬአለሁ፤ ሌላው በአሥር ቃል የሚለውን በአምስት ቃል እላለሁ እያልኩ የምኮራ፣ የባለቤቴን የገበያ ዝርዝር ሳይቀር አሳጥሬ ጨው ሳልገዛ ወደ ቤቴ የተመለስኩ ሰው ነኝ።

ይህን ደብዳቤ በአደባባይ ለማውጣት የተገደድኩት ድፍረት ስላለኝ አይደለም። በውስጥ መልእክት የላክሁልዎ ሦስት ማስታወሻዎች «ጽሑፍ ነክ ስለሆነ ለአርታዒው ይመራ» እየተባለባቸው ሦስቱም ወደ እኔው ጠረጴዛ ስለተመለሱ ነው። ሦስተኛውን ተቀብዬ ስፈርም፣ ጉዳዩን በጥልቀት መርምሬ ለራሴ የማያዳግም መልስ ልሰጥ ትንሽ ነበር የቀረኝ።

ወደ ነገሬ ከመግባቴ በፊት እንዳይጠረጥሩኝ አንድ ነገር ልበል። የአየር ንብረት መለወጡን አልክድም። ብክድ ኖሮ ታላቅ እህቴ ጆሮዬን ይዛ ታሳምነኝ ነበር፤ እሷ ዝናቡ ከዓመት ዓመት ስንት ቀን እንደሚዘገይ የምታውቀው ከእኛ በራሪ ወረቀት ሳይሆን ከደጇ ቆማ ሽቅብ በማየት ነው። ከመሬት ከሚቆፈረው ነዳጅና ከጭሱ መላቀቅ እንዳለብንም አምናለሁ። «ሥራ ፈት መሬት ሥራ ያግኝ» የሚለውን፣ በየመንገዱ ዳር የተሰቀለውን መፈክር የጻፍኩትም እኔው ነኝ። በዝናብ ጊዜ ቀለሙ ሲፈስ ባየሁ ቁጥር የሚያሳዝነኝ የቀለሙ ነገር ብቻ ነበር።

አቤቱታዬን በቁጥር አቀርባለሁ፤ ጽሕፈት ቤትዎ ቁጥር ያልተጻፈበትን ነገር እንደማያነብ ከእኔ የተሻለ የሚያውቅ የለምና። የመጀመሪያው የቀረበው በራሴ ላይ ነው። የቀሩትም ቢሆኑ ዞረው ዞረው እዚያው ይመጣሉ።

፩. ስለ መቁረጥ

ከሁለት ዓመት በፊት ለገበሬዎች የሚበተነውን መመሪያ እንዳርም ተሰጠኝ። በመመሪያው ውስጥ፣ የትኛው መሬት ተወስዶ ጉሎ እንደሚተከልበት የሚወስን አንድ ዓረፍተ ነገር ነበር። የአፈር ባለሙያው፣ ጡረታ ሊወጡ የተቃረቡት ሽማግሌ፣ እንዲህ ብለው ጽፈውት ነበር፦ «ሥራ ፈት መሬት ማለት ላለፉት አምስት ተከታታይ ዓመታት ያልታረሰ፣ ለግጦሽም ሆነ ለማሳረፍ ያልተተወ፣ ባለይዞታውም ወደፊት ሊያርሰው እንደማያስብ በጎረቤቶቹ ፊት ያረጋገጠበት፣ በጉብኝቱ ዕለትም ሰብል ያልታየበት መሬት ነው።»

ይህን ሳነብ እጄን አሳከከኝ። ከእኔ እጅ የወጣው ደግሞ ይህ ነው፦ «ሥራ ፈት መሬት ማለት በጉብኝቱ ዕለት ሰብል ያልታየበት መሬት ነው።» አሥራ ስድስት ቃልና አንድ «ም» አወጣሁ። ያን ቀን ምሳዬን በታላቅ የምግብ ፍላጎት እንደበላሁ አስታውሳለሁ።

የአፈር ባለሙያው የታረመውን ወረቀት ይዘው ደረጃውን ወረዱ። «አንተ መቀስ፣ እነዚህ ቃላት ምን በደሉህ?» አሉኝ። «ጋሼ፣ አንባቢ በአንድ ትንፋሽ ይህን ሁሉ አይዘልቅም» አልኳቸው። «አንተ አትዘልቀው ይሆናል፤ ገበሬው ይዘልቀዋል። መሬት ሲያርፍ ተኛ ማለት ነው። አንተ የተኛ ሰው ባየህ ቁጥር ትቀብራለህ?» አሉኝ። እኔም ንግግራቸው ማለፊያ እንደሆነ፣ ነገር ግን ገጹ ላይ ቦታ እንደሌለ በትሕትና አስረዳኋቸው። ሽማግሌው ወረቀቱን ጠረጴዛዬ ላይ አስቀምጠው፣ ደረጃውን አንድ በአንድ ወጡ።

ክቡርነትዎ በምረቃው ዕለት መመሪያውን ከፍ አድርገው ያችን ዓረፍተ ነገር ካነበቡ በኋላ «ይህንን ሕፃን ልጅም ይረዳዋል» ማለትዎን አልረሳሁም። አዳራሹ ሲያጨበጭብ መጨረሻ ላይ ያቆምኩት እኔ ነበርኩ። ስለተሰጠኝም የምስጋና ወረቀት ዛሬም አመሰግናለሁ፤ ሁለት የፊደል ግድፈት ነበረበት፣ በቀይ አርሜ ግድግዳዬ ላይ ሰቅዬዋለሁ።

፪. ስለ ቀያሹ ጨዋነት

ታላቅ እህቴ በአውቶቡስ የግማሽ ቀን መንገድ ርቃ ትኖራለች። ከአንድ የኳስ ሜዳ ጥቂት የምታንስ ማሳ አለቻት፤ ሁለት ዓመት በቆሎ ትዘራባትና ለጥቂት ወራት ታሳርፋታለች፤ ከዚያ የመጀመሪያው ዝናብ ሲወርድ ባቄላ ትዘራለች። ከዚያች ማሳ የሚበሉት እሷ፣ ሁለት ሴት ልጆቿና እናታችን ናቸው። እኔ የምልከው ነገር ከበዓል እስከ በዓል እንኳ አያደርስም፤ የሚያነቡ ዘመዶቼ በዚህ አንቀጽ ላይ አስተያየት እንዳይሰጡ እለምናለሁ።

የጽሕፈት ቤትዎ ቀያሽ የመጣው ማሳዋ ባረፈችበት ወር ነው። ሰላምታ ሰጠ፣ ውሃ ለምኖ ጠጣ፣ ከዚያም የመለኪያውን ሜትር ሌላኛውን ጫፍ የሚይዝለት ሰው እንዳጣ ተናገረ። እህቴ ለስንት ዓመት ተስፋ የተሰጠው የውሃ ቧንቧ መጣ ብላ እሰይ አለች፤ ጫፉን ራሷ ያዘችለት። እንዳያንስባት ብላም በተቻላት መጠን ወጥራ ሳበችው። ካስማውን የሚመታበት ድንጋይ ያቀበለችው እሷ ናት። ካስማው ጥግ ላይ ሊተከል ሲል «ኧረ ወደ መሐል አስገባው፣ ቧንቧው ለሁሉም ይዳረስ» ብላ ያስገባችው እሷው ናት። ቀያሹን ኅሊናው የቆጠቆጠው በዚህ ጊዜ ሳይሆን አይቀርም፤ ምን እንደሚለካ ስትጠይቀው ግን በመመሪያው መሠረት «ልማት ነው» ብሎ መለሰላት። ቀያሾች ለባለይዞታ የሚሰጡት ማብራሪያ ቀድሞ ግማሽ ገጽ ነበር። ማን እንዳሳጠረው አይጠይቁኝ።

፫. ስለ አንድ የስልክ ጥሪ

ከሁለት ወር በኋላ ደብዳቤ ደረሳትና ደወለችልኝ። እኔ ወንበሬን ወደ ኋላ ለጥጬ ሻይ እጠጣ ነበር።

«አንተ፣ ወረቀት መጥቶልኛል። እንዲህ ይላል» ብላ ማንበብ ጀመረች፤ እህቴ ስታነብ ቃል በቃል እየረገጠች ነው፦ «ሥራ ፈት መሬት ማለት በጉብኝቱ ዕለት ሰብል ያልታየበት መሬት ነው።» ከዚያም «ምንድን ነው የሚለው?» አለችኝ።

ክቡር ሆይ፤ ከዚህ በኋላ ያልኩትን ለመጻፍ ሦስት ቀን ፈጅቶብኛል። «ግልጽ ነው እኮ እትዬ» አልኳት። «እንዲያውም ጥሩ ተደርጎ ነው የተጻፈው።»

 «ማን ጻፈው?» አለችኝ። ያን ጊዜ ነው የራሴን እጅ ያወቅሁት። «እኔ ነኝ» አልኳት። «ማለት፣ ረጅም ነበር፤ አሳጠርኩት።»

«ረጅሙ ምን ነበር የሚለው?»

በቃሌ ነገርኳት፤ አንድም ቃል አልረሳሁም ነበር፣ መቀስም ቢሆን የቆረጠውን ያስታውሳል። እስከ መጨረሻው ሰምታኝ «ውይ፣ ይሄኛው እኮ ነው የሚገባኝ» አለችኝ። ዘጠኝ ዓመት ሠርቼ የተቀበልኩት እውነተኛ አስተያየት ይህ አንዱ ብቻ ነው። ቀጥላም «የእኔ መሬት ለሦስት ወር ብታርፍ ሥራ ፈት ከተባለች፣ አንተ ጠዋት ገብተህ ማታ እስክትወጣ ወንበር ላይ ተቀምጠህ የሰው ቃል ስትለቅም የምትውለው ምን ልትባል ነው?» አለች።  ጽሕፈት ቤቱ ኦፊሴላዊ መልስ ካለው በደስታ አደርስላታለሁ።

፬. ስለ ቅሬታ ማቅረቢያው ቅጽ

ቅጹ ሦስት መስመር ብቻ አለው። (በቁጥር አንድ የተጠቀሰውን ግለሰብ ይመልከቱ።) የእህቴ አቤቱታ «ማሳዬን ያሳረፍኩት ባቄላ ልዘራ ስለሆነ ዝናቡ» ላይ ሲደርስ መስመሩ አለቀባት። ከጽሕፈት ቤትዎ የመጣው መልስ «ያልተሟላ ሐሳብ» የሚል ነበር፤ በዚህ ላይ ቅሬታ የለኝም፣ በእርግጥም ማሰሪያ አንቀጽ ይጎድለው ነበር።

ወደ ሕግ ክፍል ሄድኩ። የሕግ ባለሙያዋ መመሪያውን ሁለት ጊዜ አንብባ መነጽሯን አወለቀች። «ወንድሜ፣ ትንሽ አሻሚ ብታደርገው ኖሮ እከራከርልህ ነበር። እንዲህ ጥርት አድርገህ ጽፈኸው እኔ ምን ልበል?» አለችኝ። መመሪያው የሚሻሻለው በዓመታዊው ጉባኤ እንደሆነም ነገረችኝ። ጉባኤው ከዘጠኝ ወር በኋላ ነው። ትራክተሩ የእህቴን ማሳ የሚረከበው በዚህ ወር መጨረሻ ነው። ባቄላ ደግሞ በዘጠኝ ወር ውስጥ ተዘርቶ፣ ታጭዶ፣ ግማሹ ተበልቶ የሚገኝ ነገር ነው።

ከዚያ ወዲህ ያ ትርጉም በሄድኩበት እየተከተለ ያስቸግረኛል። የጽሕፈት ቤታችን መኪና ማቆሚያ ሰብል አይታይበትም። የልጄ ትምህርት ቤት የኳስ ሜዳም እንደዚያው። ከመኖሪያ ቤትዎ በስተጀርባ ያለው፣ አጥሩ ብቻ አራት ዓመት የፈጀው ሰፊ ቦታም ሥራ እየፈለገ እንደሆነ በአጥሩ ቀዳዳ አይቻለሁ፤ ግን እዚያ ቀያሽ አልመጣም፣ ምናልባት ሜትሩን የሚይዝለት ሰው አላገኘ ይሆናል። አንድ ጠዋት በመስታወት ፊት ቆሜ የራሴን አናት ስመለከትም ሰብል አልታየኝም። ጉሎ ይስማማው እንደሆነ የአፈር ባለሙያውን ለማማከር አፈርኩ።

፭. ስለ ነዳጅና ስለ ባቄላ

እኚህን ሽማግሌ ግን ስለ ሌላ ነገር አማከርኳቸው። ቂም አልያዙብኝም፤ ከመሳቢያቸው እርሳስ አውጥተው በፖስታ ጀርባ ላይ አሰሉልኝ። ከእህቴ ማሳ የሚለቀመው ጉሎ ተጨምቆና ተጣርቶ የሚወጣው ዘይት የክቡርነትዎን መኪና ወደ አየር ንብረት ጉባኤው አዳራሽ ሰባት ጊዜ አድርሶ ይመልሳል። እርስዎ ሲወጡ መኪናው ቀዝቅዞ እንዲጠብቅዎ ሹፌሩ ሞተሩን የማያጠፋ ከሆነ ግን አምስት ጊዜ ነው። ያችው ማሳ ባቄላ ሲዘራባት አራት ሰው ስምንት ወር ትመግባለች። ከሁለቱ የትኛው እንደሚበልጥ ልፈርድ አልደፍርም፤ ስለ አየር ንብረት የሚደረጉ ስብሰባዎች አስፈላጊ መሆናቸውን በበርካታ በራሪ ወረቀቶች የገለጽኩት እኔ ነኝ።

ሽማግሌው አክለው የነገሩኝ ደግሞ ይህ ነው። ባለፈው ዓመት በሌላ ወረዳ ማሳው የተወሰደበት ገበሬ መብላቱን አላቆመም። ኮረብታው ላይ ወጥቶ ዛፍ እየመነጠረ በቆሎ ይዘራል፤ የተቆረጠውን ግንድ ያቃጥለዋል። «እዚህ ከመኪናው ጭስ እንቀንሳለን፣ እዚያ ከኮረብታው እንጨምራለን» አሉኝ፤ ይህን ሲሉ አልተናደዱም፣ ፖስታውን ብቻ አጣጠፉት። በመመሪያችን ገጽ አሥራ አንድ ላይ «የምግብ ምርት አይቀንስም ወይ? ደኑስ አይነካም ወይ?» የሚሉ ሁለት ጥያቄዎች ተጽፈዋል። ለሁለቱም የሽማግሌው መልስ ሁለት ገጽ ነበር። የእኔ «አይቀንስም። አይነካም።» ይላል። ከሥራዎቼ ሁሉ አጭሩ እሱ ነው፤ ለአዲስ ሠራተኞች እንደ ምሳሌ አሳየው ነበር።

ከዚህ በኋላ ያለው አቤቱታ ስላልሆነ ቁጥር አልሰጠሁትም። ኑዛዜ ነው።

ባለፈው ሳምንት ዝናቡ ሲጀምር እህቴ ደውላ «እኔ ልዘራ ነው» አለችኝ። እንዳትዘራ ነገርኳት። ለጉሎ በተመዘገበ መሬት ላይ ሌላ ሰብል መዝራት በመመሪያው «ማደናቀፍ» ይባላል፤ ረቂቁ ላይ «ባለይዞታው ቅር መሰኘቱን በሥራ መግለጹ» የሚል ነበር፣ እኔ ነኝ አምስቱን ቃል በአንድ የተካሁት፣ ያች አንዲት ቃል ግን ሰው ልታሳስር እንደምትችል ያን ጊዜ አላሰብኩም። ይህንንም ነገርኳት። «ታዲያ ዘሩ ጎተራ ውስጥ ሆኖ ይብቀል?» አለችና ስልኩን ዘጋችው።

የሦስት ቀን ፈቃድ ሞላሁ። «ምክንያት» በሚለው ቦታ ላይ «የእርማት ሥራ» ብዬ ጻፍኩና በአውቶቡስ ሄድኩ። ስደርስ እህቴ እርጥብ መሬት ላይ ጎንበስ ብላ ነበር፤ ቀና እንኳ ሳትል የዘሩን ከረጢት ወደ እኔ ገፋ አደረገችው። ሦስቱን ቀን አብሬያት ዘራሁ። እናታችን በር ላይ ወንበር ወጥቶላት ተቀምጣለች፤ ዓይኗ ስለደከመ ሰው የምትለየው በአቋሙ ነው። «ያ ልጅ ምን ሆኖ ነው እንዲያ የሚያጎነብሰው? ምን ጠፋበት?» ብላ ጠየቀች። «ቃል ጠፍቶበት ነው እማዬ፣ ይፈልግ ተዪው» አለቻት እህቴ። ሁለቱ ልጆቿ እስኪያስላቸው ሳቁብኝ። እኔም ሳቅሁ፤ ወገቤ ግን አልሳቀም።

አሥራ አንድ መስመር ዘርቻለሁ። እህቴ ከኋላዬ እየመጣች ግማሹን ደግማ ዘራችው፤ «ወረቀት ላይ ቀጥ የሚልልህ መስመሩ ታትሞ ስለሚመጣ ነው ለካ» አለችኝ።

እንግዲህ ክቡር ሆይ፤ የምለምነው አጭር ነው፣ ይቅርታ፣ ረጅም ነው። አሥራ ስድስቱ ቃላትና አንዱ «ም» ከወሩ መጨረሻ በፊት ወደ ቦታቸው እንዲመለሱልኝ ነው። የእርማቱን ወረቀት ራሴ አዘጋጅቻለሁ፤ ሦስት ሺህ ቅጂ ታትሞ፣ በልኩ ተቆርጦ፣ በየመመሪያው ላይ እስኪለጠፍ ድረስ ምድር ቤት ውስጥ ተቀምጧል። የጎደለው የእርስዎ ፊርማ ነው። ፊርማዎ ሁለት ሰከንድ እንደማይፈጅ አውቃለሁ፤ መመሪያውን ሲያጸድቁ ከአጠገብዎ ቆሜ ገጹን የገለጥኩልዎ እኔ ነበርኩ፣ ሳያነቡት ነበር የፈረሙት። ይህንን እርማት ደግሞ ሳያነቡት ቢፈርሙልኝ ምንኛ ባመሰገንኩ።

የማይፈርሙ ከሆነ እና አደናቃፊ የሚከሰስ ከሆነ፣ ክሱ በእህቴ ስም ብቻ እንዳይጻፍ አደራ። ጠማማዎቹ አሥራ አንድ መስመሮች የእኔ ናቸው፤ ባቄላው ሲበቅል ከሩቅ ይለያሉ፣ ምስክር መቁጠር አያስፈልግም። ትራክተሩ በሚመጣበት ዕለት ማሳው ዳር ቆሜ ሽማግሌው የጻፉትን ዓረፍተ ነገር ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው፣ ምንም ሳልቆርጥ፣ ለሹፌሩ አነብለታለሁ። ሳልጨርስ ትንፋሽ ያጥረኝ ይሆናል። ያን ጊዜ እህቴ ትቀጥለዋለች፤ እሷ ገብቷታል።

ለሰጡኝ ሥራ፣ ለሰጡኝ የምስጋና ወረቀት፣ ሦስት ማስታወሻዎቼን በታማኝነት ለመለሰልኝ የመዝገብ ክፍልዎ፣ እንዲሁም ዓረፍተ ነገሬን ሕፃን እንኳ ይረዳዋል ብለው ላከበሩኝ ክብር ወደር የሌለው ምስጋናዬን እያቀረብኩ፣ ረጅም ዕድሜና በማንኛውም ነዳጅ የሚነሣ ሞተር እመኝልዎታለሁ።

እስኪያባርሩኝ ድረስ ትሑት አርታዒዎ፣
ቀድሞ መቀስ ይባል የነበረው
ከምድር ቤት

ድኅረ ጽሑፍ፦ ይህን ጽፌ ከጨረስኩ በኋላ እህቴ ደወለችልኝ። ያ ጨዋ ቀያሽ ባለፈው እሑድ ያለ ሜትርና ያለ ቅጽ፣ በቤት ልብሱ መጥቶ ነበር። ከተማ ውስጥ ባቄላ እንደ ልብ አልገኝ ስላለ፣ የዘንድሮው ሲደርስ ለልጆቹ ግማሽ ጆንያ ታስቀምጥለት እንደሆነ አንገቱን ደፍቶ ጠየቃት። እሺ አለችው። መቼ እንደሚደርስ ሲጠይቃት ግን «እሱንማ አለቃህን ጠይቅ» ብላዋለች። ሰኞ ጠዋት ምንጣፉ ላይ ቆሞ ካገኙት፣ የመጣው ለዚህ ነው።